የማማው ቁመት

ቶሩን ከተማ ላይ፣ በቪስቱላ ዳርቻ፣
የምላጭ ሰው ነኝ እኔ፣ ሥራዬ ይህ ብቻ።
ጄኔራል ዜኖን ነው የማክሰኞ ደንበኛ፣
ቁመቱ መለሎ፣ ጠባዩ ዝምተኛ።
ግራ ጆሮውን መድፍ ድሮ ወስዶበታል፤
ለኛ ከተማ ወሬ አንድ ጆሮ ይበቃል።

ሌላው የሚያወራው ስለ ኒሻኖቹ፣
ስለ ኮቱ ቁልፎች፣ ስለ ፈረሶቹ።
እኔ ግን የማውቀው ከጆሮው ሥር ያለው፣
ሰማያዊ ነቁጥ፣ ባሩድ የነቀሰው፣
ምላጬ በዚያ ሲያልፍ እጄን የሚያዘገየው።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ ሰማዩ ጠቁሮ፣
መብረቅ ብልጭ ቢል ከመስታወቴ ዞሮ፣
በሳሙናው መሀል ከንፈሩ ሲላወስ፣
"አንድ… ሁለት…" እያለ ይቆጥራል በለሆሳስ።
ሰባት ላይ ሲደርስ ነጎድጓዱ መጣ፤
"ከወንዙ ማዶ ነው፣ ከጣቢያው አይወጣ።"

በቀኝ ጆሮው በኩል ጠጋ ጎንበስ ብዬ፣
"ይህን ቆጠራ ማን አስተማረዎ ጌታዬ?"
"አባቴ" አለኝ፤ ዝም። ቆይቶ አወራ፤
ሳሙናው ደረቀ፤ እኔም ፈታሁ ሥራ።

ዛሌሼ በምትባል በደን ዳር መንደር፣
አባቱ ሂፖሊት ደወል ደዋይ ነበር።
ደወሉ ሲወዛወዝ ልጁ ከወፍጮው ዘንድ
ድምፁ እስኪደርስ ድረስ ይቆጥር ነበር ከአንድ።
ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ዱላ ተከለና፣
የማማውን ጥላ በእርምጃ ለካና፣
"ስልሳ አንድ ክንድ ነው" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀበት፤
አባቱ ግን ወጥቶ ገመድ ለቀቀበት፤
ሆነ ስልሳ አንድ፣ ጣት ያህል ሳይዛነፍ፤
ያን ሌሊት ልጁን አልወሰደውም እንቅልፍ።

ከዚያ መድፈኛ ሆነ፣ ትምህርቱን ጨረሰ፤
ሠንጠረዥ ሸምድዶ ኮከብ ላይ ደረሰ።
በጦርነቱ ዘመን፣ በሁለተኛው ዓመት፣
የጠላት ተመልካች አንድ ማማ ወጣበት።
ያ ሰው በጠቆመ ቁጥር ጓደኛው አለቀ፤
የርቀት መለኪያው መስታወቱ ደቀቀ።
ሻምበሉ ጮኸ፦ "ማነው ቁመቱን የሚያውቅ?"
ከመድፉም ከሰዉም ጸጥታ፣ የሚያስጨንቅ።
ማማው የዛሌሼ ነው። ከሥሩም ወፍጮው አለ።
"ስልሳ አንድ ክንድ ነው" መቶ አለቃው ዜኖን አለ።

የመጀመሪያው አረር ቦታውን አልሳተም።
ሁለተኛ አልተተኮሰም፤ አላስፈለገም።
ደወሉ ወደቀ፤ እሱም ቆጠረለት፤
ዘጠኝ ላይ ድምፁ መጣ፣ በግራው ገባበት፣
ሌላ ድምፅ እንዳይሰማ በሩን ዘጋበት።

ከዚያማ ማዕረጉ እንደ ጎርፍ ወረደ፤
ሻምበል ሲሉት ኮሎኔል፣ ኮሎኔል ሲሉት ሄደ
እስከ ጄኔራልነት፤ ትምህርት ቤቱን መራ፣
ሺህ ልጆች አስተማረ የርቀትን ቆጠራ።
"መድፈኛ" ይላቸው ነበር "የሚያየው ካርታ ነው፤
ዒላማ ፊት የለውም፤ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።"

አላረፈም ምላሴ፣ "አባትዎስ?" አልኩኝ፤
ወንበሩ ላይ ዞሮ ግራ ጆሮውን ሰጠኝ።

የጢሙን ሂሳብ ከፍሎ ቆቡን ደፍቶ ወጣ፤
በሚቀጥለው ማክሰኞ በሰዓቱ መጣ።
ስለ ወንዙ በረዶ አወራን፣ ስለ ዓሣ ዋጋ፤
ያን ነገር አላነሳን፤ ያ በር እንደተዘጋ።

በየካቲት ሞተ። ላጨው ብለው ጠሩኝ።
ሰባት መኮንኖች ቆመው እያዩኝ፣
በየትኛው ጆሮ እንደምሰናበተው
ግራ ገባኝ።

በቀብሩ ቀን ሱቄ ነበርኩ፤ አልሄድኩም።
ከወንዙ ማዶ ሜዳ ለክብሩ ሲተኮስ፣
ጭሱን ነው መጀመሪያ ያየሁት በመስኮት፤
"አንድ… ሁለት…" ስል ያዝኩት ራሴን፣ በለሆሳስ።
አምስት ላይ ደረሰ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።
"ምን አልክ?" አለኝ ደንበኛዬ።
"ምንም" አልኩት፤
ፊቱን ወደ ግራ መለስኩት።